በበጋ ሌባ በሬ የለም

አንድ ሰው ነበረ፤ የገዛ ጥላውን የሚጠራጠር።

ተቀመጥ እንጂ ይርጋ! ምሳሌ በር ላይ ተቁሞ ይሰማል እንዴ? «ጋሼ እንየው፣ ቅዳሜ የእህቴ ሠርግ ነው፤ ነገ እንደ ሽማግሌ ሆነው አብረውኝ ይሂዱና ወንድሜን ከዚያ ማገገሚያ እናውጣው» አልኸኝ። ቀጠልህና ደግሞ «ለመሆኑ የአረቄ ሱስና የአእምሮ ጭንቀት ታክሞ ለመዳን ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቁርጥ ያለ ቀን ንገሩኝ ስላቸው ይሸሹኛል፤ እያታለሉን ነው» አልኸኝ። ሰምቼሃለሁ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ያንን ጥላውን የሚጠራጠር ሰውዬ ላምጣልህ። ወንድሜን በበሬ መሰሉብኝ ብለህ እንዳትቀየመኝ ብቻ። ነገሩ የበሬ ነገር ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰውየው ገበሬ ነው። ያለው አንድ በሬ ነበር። በኛ አገር ባለ አንድ በሬ ማለት ግማሽ ገበሬ ማለት ነው፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ፣ ሁለቱን በሬ አንድ ላይ ጠምደው፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እየተባባሉ ያርሳሉ። በሬው ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲራመድ መሬት የሚሰማው። ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን የሚያበላው በዚህ በሬ ትከሻ ነበር። ቦራ ከሄደ ሰውየው የሰው አራሽ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የመንደሩ ከብት የሚጠበቀው በተራ ነበር። ዛሬ የእገሌ ቤት፣ ነገ የእገሌ ቤት እየተባለ መንጋው አንድ ላይ ይሰማራል። ያ ሰው ግን «እነሱን ማመን? በሬዬን ሆዱን ሳይሞሉ፣ ጎኑን በዱላ ቀጥቅጠው ይመልሱልኛል» ብሎ ቦራን ከመንጋው ለየው። ጓሮው ውስጥ፣ ባሏ ከሞተባት ከአንዲት ሴት የባቄላ ማሳ ድንበር ላይ፣ ካስማ ተክሎ አሰረው። በሬው እዚያ ታስሮ ያንን ባቄላ ሲያይ ይውላል። እሸቱ ሲደርስ ሽታው ይመጣበታል። አንድ ቀን ገመዱን ወጥሮ፣ አንገቱን አስግጎ አንዲት ዘለላ ቀነጠሰ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ሣር አልጥምህ አለው። ገለባ ሲያቀርቡለት ያሸተውና ፊቱን ያዞራል።

በዚያ ዓመት ቦራ ካስማ እየነቀለ የሰው ማሳ ውስጥ ገባ። ደገመ። ባለ ማሳዎቹ ጮኹ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን እህል ነው፣ የሰው ነፍስ ነው። «በሚመጣው እሸት ይህ በሬ ከሰው ማሳ ውስጥ ከተገኘ ይታረዳል፤ ሥጋው ቅርጫ ሆኖ ለተበደሉት ይከፋፈላል» ብለው ቆረጡ። ገበሬው በእግዜር ስም ማለ። ማታ ሚስቱ «አንተ ሰው፣ መማል አመል አይመልስም። ወንዝ ማዶ ያለው ወይፈን የሚገራው ሰው ዘንድ ውሰደው» አለችው።

ያ ሰው ወይፈን በመግራት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ገበሬው እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ በጥር፣ ቦራን እየጎተተ ወንዙን ተሻገረ። ገና ሰላምታ ሳይጨርስ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለው። ያው ያንተ ጥያቄ መሆኑ ነው።

ገሪው በሬውን ዞሮ ዞሮ አየው። ጥርሱን አየ፣ ጫንቃውን ዳበሰ። «እሸት አይቶ፣ በእሸት መካከል አልፎ፣ ወደ ቤቱ በራሱ ፈቃድ እስኪመለስ ድረስ» አለው።

«እሸትማ መስከረም አይደለም እንዴ?»

«መስከረም ነው። ጥቅምትንም ጨምርበት። አንተም አልፎ አልፎ እየመጣህ ገመዱን አብረኸኝ ትይዛለህ፤ የሚማረው እሱ ብቻ አይደለም።»

«እኔ ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው የምማረው?» ብሎ ገነፈለ። ሌላ መላ ስላልነበረው ግን በሬውን ትቶ ተመለሰ።

መንገዱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሄደ። ከጥር እስከ ጥቅምት! በዚህን ያህል ጊዜ እኮ ሰው በማሕፀን ተፀንሶ ይወለዳል፤ አንድ በሬ አንድ አመል ለመርሳት ይህን ያህል? ይህ ሰውዬ አንድ ነገር ደብቋል። ቁርጥ ያለ ቀን ያልተናገረው ለምንድን ነው? የሚያውቅ ሰው ቀኑን ይናገራል፤ ቀኑን የማይናገር ወይ አያውቅም፣ ወይ ሌባ ነው። እንዲህ እያለ አንዱን ጥርጣሬ በሌላው ላይ ሲከምር ቤቱ ደረሰ።

በየካቲት ሄዶ አየው። ቦራ ተኝቶ ገለባውን ያመሰኳል። ወፍሯል፣ ጠጉሩ ያብለጨልጫል፣ ልጆች ጆሮውን ቢይዙት ዝም ይላል። ገበሬው ደስታው ወሰን አጣ። «ድኗል! እንዲያውም ከዱሮው በልጧል። ልውሰደው» አለ።

ገሪው ሳቀ። «ወዳጄ፣ በበጋ ሌባ በሬ የለም። እስቲ ዙሪያህን እይ። ምኑን ይሰርቃል? አፈር?»

ልብ ያለው ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያው ባለቀ። ይርጋ፣ ይቺን ቃል ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ገበሬው ግን ቃሉን ትቶ ሳቁን ይዞ ሄደ። «ሳቀብኝ» አለ። ወፍጮ ቤት ሲደርስ አንዱ ጎረቤቱ ደግሞ ጨመረለት፦ «እስከ ጥቅምት? እንዴ! የክረምቱን እርሻ በሙሉ እኮ ነው። ሰውየው ያለ ዋጋ በሬ አገኘ በለኛ!» ይህን የተናገረው ሰው ዱቄቱን ተሸክሞ ወጥቶ ረሳው። ገበሬው ግን አልረሳውም። እንቅልፍ እንኳ ከለከለው።

ግንቦት ገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፣ አገር ሁሉ እርሻ ወጣ። ገበሬው ሳይልክና ሳይናገር ወንዙን ተሻገረ። በቀጥታ በበሩ አልሄደም፤ በጀርባ ዞሮ አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጎጠ። በገዛ በሬው ላይ ሊሰልል መምጣቱ ነው እንግዲህ! አጮልቆ ሲያይ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ቦራ ከአንድ ሽማግሌ በሬ ጋር ተጠምዶ የገሪውን ማሳ ያርሳል። ቀንበሩ ጫንቃው ላይ፣ ላቡ በጎኑ ላይ፣ ገሪው እርፉን ይዞ ከኋላው ያዜማል። ከማሳው ዳር፣ ግራር ሥር፣ ሌላ በሬ ተጋድሞ ያመሰኳል። ገበሬው ያንንም በሬ አይቶታል። አየው እንጂ ልብ አላለውም፤ ለማየት የመጣውን ነገር አግኝቷላ!

«ያዝሁህ!» ብሎ ከቁጥቋጦው ዘለለ። «ለካ ለዚህ ነው እስከ ጥቅምት ያልኸኝ! በሬዬን ሊገራ ወስዶ መሬቱን ያርስበታል! አምላክ ያያል!»

ገሪው ጅራፉን አስቀመጠ። «አልተቀመጥህም፣ ውሃ አልቀመስህም። አረፍ በልና ልንገርህ» አለው።

«ምንም አትንገረኝ! ዓይኔ ነግሮኛል።» ይህን ብሎ ቀንበሩን በገዛ እጁ ፈታና ቦራን አንገቱን ይዞ መጎተት ጀመረ።

ገሪው አልታገለውም። በሬው የሱ ነው፣ ምን ይለዋል? ከኋላው ሆኖ ግን «ወስደኸዋል እንግዲህ! ቢያንስ ከባቄላው ድንበር አርቀህ እሰረው። ከመንጋው ጋርም ቀላቅለው፤ ብቻውን አታውለው» ብሎ ተጣራ። ገበሬው ዞር ሳይል «ምክርህን ለራስህ!» አለው።

ታዲያ ይርጋ፣ ክረምቱን ሙሉ ቦራ እንዴት ያለ በሬ ሆነ መሰለህ! ወደ ቀንበር ሲጠሩት ራሱ ይመጣል። ዝናቡን አላለ፣ ጭቃውን አላለ፣ ያርሳል። ገበሬው ከሰው ፊት ደረቱን ነፋ። «ያ አታላይ ጥቅምት ድረስ ሊያቆይብኝ! ይኸው በአራት ወሩ ሰው ሆኗል በሬዬ» እያለ ለአገሩ አወራ። ሚስቱ ብቻ «ከድንበሩ አርቀው ብሎህ አልነበር?» አለችው አንድ ቀን። «ያ ሌባ ያለውን ነው የምሰማው?» አላት። ከመንጋው እንዳይቀላቅለው ደግሞ እረኞቹን አሁንም አያምንም። ስለዚህ ቦራን እዚያው ቦታ፣ ያው ካስማ ላይ፣ ያው ማሳ ፊት ለፊት አሰረው። ካስማው ጠብቆ እንደሆነ እንኳ አልነቀነቀውም፤ ድኗል ብሏላ!

መስከረም ጠባ። ባቄላው አፈራ፣ እሸቱ ሸተተ።

አንድ ቀን መንደሩ ውስጥ ለቅሶ ነበርና ትልቅ ትንሹ ሁሉ ቀባሪ ሄደ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሰዉ ከቀብር ሲመለስ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ከፊት ነበረችና ማሳዋ ጫፍ ደርሳ ቆመች። እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ቦራ ከማሳዋ መሃል ነበር። ግማሹን በልቶታል፣ ግማሹን ረግጦታል፣ እሱ ራሱ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ መራመድ አቅቶታል። የዓመት ቀለቧ ነበር፤ ሌላ ማሳ የላትም።

አሁን የዚያን ሰው ጉድ ስማ። በሬውን ባየ ጊዜ መጀመሪያ የወጣው ቃል ምን ይመስልሃል? ይቅርታ እንዳይመስልህ። «ማን ፈታው?» ነው ያለው! «በሬዬ ድኖ ነበር! ምቀኛ ነው የፈታው! አንቺ ነሽ፣ ልታሳርጂብኝ ብለሽ ነው!»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ እኔ ለቅሶ ቤት ከሚስትህ አጠገብ ተቀምጬ ነው የዋልሁት። በገዛ እህሌ ላይ በሬ የምፈታ እብድ አይደለሁም። እስቲ አንገቱን እየው» አለችው።

አየ። ገመዱ እንዳለ አንገቱ ላይ ነው። ከገመዱ ጫፍ ካስማው ይጎተታል፤ አፈሩ እንኳ ገና አልረገፈለትም። ማንም አልፈታውም። በሬው ራሱ ነቅሎት ነው የሄደው።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ተቀመጡ። ያን ወይፈን ገሪም ከወንዝ ማዶ አስጠሩት። ገበሬው እዚያም አላረፈም፤ «ይህ ሰው ነው በሬዬን ያበላሸው! ሊገራ ወስዶ ለራሱ አረሰበት!» ብሎ በሰው ፊት ከሰሰው። ሽማግሌዎቹ ወደ ገሪው ዞሩ።

ገሪው ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «እኔ ጥማድ በሬ አለኝ፤ ሁለት። ያን ቀን ግራር ሥር ተኝቶ ያየኸው በሬ የማን ነበር? የኔ ነው። የራሴን በሬ ሥራ አስፈትቼ፣ በከንቱ ገለባ እያስፈጀሁ፣ በሱ ፋንታ ያንተን ጠመድሁ። ለምን? ሽማግሌው በሬዬ በባቄላ መካከል ሲያልፍ አንገቱን አያዞርም። ቦራ ትከሻ ለትከሻ ከሱ ጋር እየዋለ ያንን እንዲለምድ ነው። ቀጥሎ እሸቱ ሲደርስ ሁለቱን አንድ ላይ በማሳ ዳር እየነዳሁ፣ አንተ ገመዱን እየያዝህ፣ ቀን በቀን ልናስለምደው ነበር። የመጨረሻው ትምህርት እሱ ነበር። ከመንገዱ መሃል ነጥቀህ ወሰድኸው። በከፊል የተገራ በሬ ጨርሶ ካልተገራው ይብሳል፤ ካልተገራው ሰው ይጠነቀቃል፣ በከፊል የተገራውን ግን ሰው ያምነዋል።»

ቦራ እዚያው ድንበሩ ላይ ታረደ። ለሴትዮዋ ትልቁ መደብ ተሰጣት። ባለ በሬው ደግሞ እንደ ልማዱ ድርሻ ነበረውና አንድ መደብ ሥጋ በቅጠል አድርገው ሰጡት። ሰውየው ያንን ሥጋ ይዞ ቆሞ ቀረ። ወደ ቤት ይዞት እንዳይገባ ልጆቹ ቦራን በስሙ የሚጠሩት ናቸው፤ እንዳይጥለውም ምግብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያ ገበሬ የሰው መሬት ሲያርስ ታየ ይባላል።

ይኸውልህ ይርጋ። በሬው አለቀ፤ አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ባለፈው እሁድ ወንድምህን አምሳሉን ልትጠይቅ ሄደህ ጎመን ሲኮተኩት አገኘኸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለህም፤ «ወንድሜን ሊያክሙ ወስደው የጓሮ ሠራተኛ አደረጉት፣ ጉልበቱን እየበሉ ነው ቀኑን የሚያራዝሙት» ትላለህ። ከጎኑ ማን ይኮተኩት እንደነበር አይተሃል? አላየህም። እኔ ልንገርህ። ሽበታሙ ሰውዬ ነበር። እሱ አረቄ ከተወ ዓመታት ያለፉት፣ ዛሬ እዚያ የሚረዳ ሰው ነው። እሱ ነው እንግዲህ የአምሳሉ ሽማግሌ በሬ። አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ጎመን እየኮተኮቱ ምን እንደሚነጋገሩ እግዜር ይወቅ። አምሳሉ ለኔም ላንተም ያልነገረውን ለዚያ ሰው እንደሚነግረው ግን እጠረጥራለሁ።

አትጠርጥር አልልህም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» እያለ ያሳደገኝ አባቴ ነው። እኔም ያንን ቤት ጠርጥሬዋለሁ። ሳልነግርህ ሄጄ ነበር፤ አጋም ውስጥ ተሸጉጬ አይደለም፣ በበሩ ገብቼ ነው። ይመቷቸዋል ወይ? በሰንሰለት ያስሯቸዋል ወይ? መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ነው ወይስ ማንም ነው? ምን ይበላሉ? አምሳሉን ለብቻው አስቀምጬ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አልሁት። ሁሉንም ጠየቅሁ፣ ሁሉንም መለሱልኝ። የጠረጠረ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ጠይቆ መልሱን የማይጠብቅ ግን ተጠራጣሪ አይባልም፤ ያ ችኩል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?

የማገገሚያውን ሐኪምም አግኝቼ ያንተን ጥያቄ ጠየቅኋት። አልሸሸችኝም። «አባቴ፣ መርዙ ከሰውነት የሚወጣው በቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ እንቅልፍ ይመለሳል፣ ፊት ይወዛል። ቤተሰብ ያን ጊዜ ነው ድኗል ብሎ የሚመጣብን» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ አለ። ሲከፋው፣ ሲደሰት፣ ሰው ሲሰድበው፣ ሰው ሲጋብዘው ያለ አረቄ ማለፍን መማር አለበት። እሱ የወራት ሥራ ነው። ከዚህ ወጥቶም እየተመላለሰ መታየት አለበት፤ ዓመት፣ ከዓመትም በላይ። አረቄውን ያስጀመረው ያ ጭንቀትና ያ የሌለ ድምፅ መስማቱ ደግሞ ለብቻው መታከም አለበት፤ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው አለ። ለአንዱ የበቃው ለሌላው አይበቃም፤ ቁርጥ ያለ ቀን የማልሰጥዎ ስለማላውቅ ነው፣ ስለምደብቅዎ አይደለም» አለችኝ። እኔ ቀን ቆርጦ ከሚሰጠኝ ሰው ይልቅ እሷን አመንኋት። በሰባት ቀን አድንልሃለሁ ያለህን ጠርጥረው፤ እሱን በደንብ ጠርጥረው!

አሁን አምሳሉ ወፍሯል፣ ፊቱ ወዝቷል፣ ይስቃል። እዚያ ግቢ ውስጥ አረቄ የለም፣ የጠጪ ጓደኛ የለም፣ የሚያሽሟጥጥ ዘመድ የለም። በጋ ነው ይርጋ! በበጋ ሌባ በሬ የለም። አንተ ደግሞ ቅዳሜ ልታስገባው ያሰብኸው የት ነው? ሠርግ ቤት። አጎትህ ጠርሙስ ይዞ «እህትህን እየዳርህ ባዶ ብርጭቆ? ነውር አይደለም?» የሚልበት ድንኳን ውስጥ። ከዚያ የበለጠ እሸት በአገሩ አለ? ገና ዳር ዳሩን በገመድ ያልሄደውን ሰው መሃል ማሳ ላይ ልትለቀው ነው። ነገ ምን ልትል ነው ታዲያ? «ማን ሰጠው?» ልትል ነው። «ማን ፈታው?» እንዳለው ሰውዬ!

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ እሱንም ልንገርህ። ወንድምህ በሬ አይደለም። ቢወድቅ የሚያርደው ሽማግሌ የለም፤ ያ በር ተመልሶ ይከፈትለታል፣ የተማረውም ሁሉ ከንቱ አይሆንም። ወድቆ የተነሣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁና አውቃለሁ። ግን አንተ ባለፈው ዓመት ከቦይ ውስጥ ስታነሣው አብሬህ ነበርሁ። ያን ጊዜ ሲተነፍስ አይሰማም ነበር። አንድ ውድቀት እንኳ ቢሆን እያወቅን ልንገፋበት አይገባም። አንተም ታለቅስ ነበር ይርጋ፣ አይቼሃለሁ።

ስለዚህ ነገ አብሬህ አልሄድም። ተቆጣኝ ብትፈልግ። እውነቱን ልንገርህ አይደል? በዚህ ነገር ውስጥ እኔ ሐኪሟን አልጠረጥርም። አምሳሉንም አልጠረጥርም። የምጠረጥረው አንተን ነው። አምሳሉን ለሠርጉ ያስፈለገህ እሱ እንዲደሰት ይመስልሃል? እኔ አይመስለኝም። የሙሽራው ወገን «ወንድሟ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ፊትህ እንዳይቀላ ነው። አንገትህን አትድፋ፤ ሰው ነህ፣ ያምራል ብለህ ነው። ቅዳሜ ሲጠይቁህ ግን ቀና ብለህ «ወንድሜ ታሞ ሕክምና ላይ ነው፣ እየተሻለው ነው» በላቸው። ሌላ ምንም አትጨምር። ይህቺን አንዲት ቃል ካፍህ ማውጣት ካቃተህ ገና ካስማው ያልጠበቀልህ አንተ ነህ።

ያ ገሪ ለገበሬው ያለውን አስታውስ፦ «አንተም እየመጣህ ገመዱን አብረኸኝ ትይዛለህ።» ሐኪሟም ቤተሰብ በየእሁዱ እየመጣ አብሮ እንዲቀመጥ፣ አብሮ እንዲማር ትፈልጋለች። አንተ የሄድኸው ስንት ጊዜ ነው? ተወው፣ አትንገረኝ። ቅዳሜ እህትህን ዳር፣ ጨፍር፣ እኔም እመጣለሁ። የአምሳሉን ወንበር አጠገብህ ባዶ አድርገህ ተወው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት። እሁድ ጠዋት ወደሱ ስትሄድ ደግሞ ባዶ እጅህን አትሂድ። ጓሮዬ ውስጥ ግድግዳው ሥር የተደገፈ ዶማ አለ፤ ስትወጣ ይዘኸው ሂድ።